ሽንቱ ከስር የሚወጣ ወንድ ልጅ ከወለዳችሁ ከማስገረዛችሁ በፊት ይሄን አንብቡ

ይሄን የምጽፈው ወንድ ልጅ ወልዳችሁ ዳይፐር ስትቀይሩ ሽንቱ ከብልቱ ጫፍ ሳይሆን ከስር ሲወጣ አይታችሁ ለደነገጣችሁ እናቶችና አባቶች ነው። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል፣ አታስገርዙት። ስምንተኛ ቀኑ ቢደርስም፣ ዘመድ ቢቆጣም፣ ገራዡ መጥቶ በር ላይ ቢቆምም አታስገርዙት። ለምን እንደሆነ ከታች በደንብ እነግራችኋለሁ፣ ግን ሁሉም ሰው እስከመጨረሻው ስለማያነብ መጀመሪያ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው።

የምኖረው ባህር ዳር ነው፣ የባለቤቴ ቤተሰቦች ደሞ ዘጌ ናቸው። እርግዝናዬ ደህና ነበር፣ ምጡም ደህና፣ ወንድ ነው ተባለ፣ እልል ተባለ፣ ገንፎው ተገነፋ። እናቴ ገላውን ስታጥበው ነው ያየችው። ወንድ ልጅ ሲታጠብ ታውቁታላችሁ አይደል፣ ሽንቱን ወደ ላይ ፊጭ አድርጎ የሚያጥበውን ሰው ያረጥበዋል፣ የኔ ልጅ ግን ሽንቱ ብልቱ ከቆለጥ ከረጢቱ ጋር ከሚገናኝበት ቦታ ላይ እየተንጠባጠበ በጭኑ ወረደ። ብልቱም ወደ ታች ጎበጥ ያለ ነው፣ ሸለፈቱ ደሞ ከላይ በኩል ብቻ ተከምሮ እንደ ቆብ ተቀምጧል፣ ከስር በኩል ቆዳ የለም። እናቴ ብዙ አላወራችም፣ በፎጣ ጠቅልላ ሰጠችኝና "እስቲ ሀኪም ይየው" አለችኝ። ጠያቂ የመጡ አንዲት ትልቅ ሴት ግን አይተው "ይሄማ ተገርዞ ነው የተወለደው፣ እድለኛ ነው" አሉ። ይሄን አባባል ከዛ በኋላ ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ፣ ሰዎቹ ክፉ አስበው አይደለም ግን ተገርዞ የተወለደ የሚመስል ልጅ ካያችሁ መጀመሪያ የሽንት ቀዳዳው የት እንዳለ እዩ።

መጀመሪያ ያየን ባለሙያ ሲያድግ ይስተካከላል አለን። አይስተካከልም። ቀዳዳው በራሱ ጊዜ ወደ ጫፍ አይሄድም፣ ጎባጣውም በራሱ አይቃናም። እናቴ ባትገፋፋኝ ያንን ሰምቼ ቤቴ እገባ ነበር። የሕፃናት ሐኪም ጋ ስንሄድ ነው ስሙን የሰማሁት፣ ሃይፖስፔድያስ ይባላል። ሐኪሙ ቀዳዳውን አየና ወዲያው ወደ ቆለጦቹ ሄደ፣ እጁን አሙቆ ቀስ እያለ ሁለቱንም ጎን ዳሰሰ። "እናት፣ ከቀዳዳው ይልቅ አሁን የሚያስቸኩለኝ ይሄ ነው" አለኝ። አንዱ ቆለጥ ወርዷል፣ ሌላኛው ከረጢቱ ውስጥ የለም።

ይሄን ነጥብ በደንብ ያዙልኝ ምክንያቱም ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል። ወንድ ነው የተባለ ሕፃን ሁለቱም ቆለጦቹ የማይዳሰሱ ከሆነ፣ በተለይ የሽንት ቀዳዳውም ከስር ከሆነ፣ ሕፃኑ በክሮሞዞም ሴት ሊሆን ይችላል፣ ከኩላሊት በላይ ያለው አድሬናል የሚባለው ዕጢ ከተፈጥሮ ችግር ኖሮበት የወንድ ሆርሞን እያበዛ የውጪ ብልቷን ወንድ አስመስሎት ማለት ነው። ይሄ ችግር ብዙዎቹ ላይ የሰውነትን ጨው ያሟጥጣል፣ በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ ያስመልሳቸዋል፣ ጡት እምቢ ይላሉ፣ ይዝላሉ፣ ክብደት ይቀንሳሉ፣ ካልተደረሰላቸው ይሞታሉ። በጊዜ ከታወቀ ግን በየቀኑ የሚወሰድ መድሀኒት አለው፣ ልጁ ያድጋል። ስለዚህ የሽንት ቀዳዳው ከስር ሆኖ ቆለጥም ካልተዳሰሰ "ሳምንት እንየው" አትበሉ፣ የዛኑ ቀን ሆስፒታል ሂዱና የደም ጨውና ሆርሞን ምርመራ ጠይቁ።

የኛ ልጅ የደሙ ጨው ደህና ሆነ፣ በአልትራሳውንድ ደሞ ያልወረደው ቆለጥ ብሽሽቱ ላይ ተገኘ። የክሮሞዞም ምርመራው ግን ናሙናው አዲስ አበባ ተልኮ ነበር ውጤቱ ቆየ። ያን ጊዜ ነው አንድ ዘመዳችን "እና ክርስትናው በ40 ነው በ80?" ብሎ የጠየቀን። ወንድ በ40 ሴት በ80 እንደሚጠመቅ እያወቀ ነው የጠየቀው እና ባለቤቴ ያን ቀን ራት አልበላም። ሐኪሙን ስጠይቀው የተዳሰሰው ቆለጥ መሆኑን አስረዳኝ፣ ምርመራው ለሙሉ ማረጋገጫ ነው እንጂ ክርስትናውን አታቆዩ አለን፣ በ40 ቀኑ ተጠመቀ። ውጤቱም በኋላ ሲመጣ ኤክስ ዋይ ነው፣ ወንድ። ግን ይሄን ስል ውጤታቸው የተለየ የሆነ ልጆች አሉ፣ የነሱም ወላጆች እንደኛው ሰው ናቸው፣ ለነሱ ከቀዶ ጥገና በፊት ብዙ ምክክር ያስፈልጋል፣ ማንም አይቸኩልባቸው።

አሁን ወደ ስምንተኛው ቀን ልመለስ። አማቴ ከዘጌ በጀልባ መጡ፣ ቡና ይዘው፣ ቅቤ ይዘው፣ ገራዡንም አናግረው። እኔ አራስ ቤት ተኝቼ ነው የምሰማው።

"እማማ፣ ሐኪም ከልክሏል" አላቸው ባለቤቴ።

"ሐኪም ምን አግብቶት! አንተንም ወንድሞችህንም በስምንት ቀናችሁ ነው ያስገረዝኩት። ልጄን ቆላፍ ሊያስብሉት ነው እንዴ?"

አማቴ ክፉ ሴት አይደሉም፣ የልጅ ልጃቸው ሰፈር ውስጥ እንዳይሰደብ ነው የፈሩት። ባለቤቴ መልስ ሲያጣ የንስሐ አባታችንን ጠርቶ አመጣቸው። አባ ቁጭ ብለው ሁሉንም ሰሙ፣ ሐኪሙ ምን እንዳለ አስደገሙኝ፣ ከዛ "ልጁን ከቤተክርስቲያን የሚያስገባው ጥምቀቱ ነው፣ ግርዛት አባቶች ያቆዩት ልማድ ነው፣ ቆዳው ለመዳኛው ከተፈለገ ይቆይለት፣ እግዚአብሔር አይቀየምም" አሉ። አማቴ ዝም አሉ ግን ፊታቸው አልተፈታም። እሳቸውን ያሳመናቸው በኋላ ሐኪሙ የነገረን ሌላ ነገር ነው፣ ሲታከም ሸለፈቱ ለጥገናው ስለሚውል ሁሉም ሲያልቅ ልጁ እንደተገረዘ ልጅ ነው የሚሆነው። ይሄን ሲሰሙ "ታዲያ ይሄን ቀድማችሁ አትነግሩኝም!" አሉና ገራዡን ራሳቸው መለሱት። እናንተም አያቶችን ስታስረዱ ከዚህ ጀምሩ፣ አይገረዝም አትበሉ፣ ግርዛቱ በሀኪም እጅ ከጥገናው ጋር ይሆናል በሉ። ጎረቤታችን ሙስሊም ናት የእህቷ ልጅ ላይ ተመሳሳይ ነገር ሲያጋጥማቸው ይሄንኑ ነግሬያት ቤተሰቡ ተስማምቷል።

ለምን ቆዳው እንዲህ እንደሚፈለግ እኔ በገባኝ ልክ ላስረዳ። ልጅ በማህፀን እያለ ከ8ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ የወንድ ብልት ስር ያለው የሽንት መስመር ከታች ጀምሮ ወደ ጫፍ እየተዘጋ ቱቦ ይሆናል። መዘጋቱ መሀል ላይ ከቆመ ቀዳዳው እዛው የቆመበት ቦታ ይቀራል። ጫፉ አካባቢ ከቆመ ቀላሉ ነው፣ አብዛኞቹ እንደዛ ናቸው፣ ከቆለጥ ከረጢቱ አካባቢ ወይ ከዛም በታች ከቆመ ደሞ ከባዱ ነው፣ የኛ ይሄኛው ነው። በጥቅሉ ሃይፖስፔድያስ ብዙ አገር ላይ ከ200 እስከ 300 ወንድ ልጆች አንዱ ላይ እንደሚገኝ ነው የሚነገረው፣ ከባዱ አይነት ግን ብዙ አይታይም። እንግዲህ ቱቦውን ለመሥራት ትርፍ ቆዳ ያስፈልጋል፣ የሚስማማው ደሞ ፀጉር የሌለውና ስስ የሆነው ያ ከላይ የተከመረው ሸለፈት ነው። ተቆርጦ ከተጣለ ሰርጂኑ የሚሠራበት ነገር አነሰው ማለት ነው።

አስቀድመው ያስገረዛችሁ ካላችሁ ግን ተስፋ አትቁረጡ፣ ከጉንጭ ውስጥ ያለውን ስስ ቆዳ ወስደው ይሠሩበታል፣ ከበድ ይላል እንጂ አይቻልም አይደለም። ሌላ ደሞ አለ፣ ሸለፈቱ ሙሉ ሆኖ ከውጪ ምንም የማይታይበት፣ ገራዡ ቆዳውን ወደ ኋላ ሲመልሰው ብቻ ቀዳዳው ሰፊና ከስር ሆኖ የሚገኝ አይነት። ሀኪም ቤት የምትገርዙ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ይሄን ካነበባችሁ በናታችሁ እንደዛ ስታዩ እዛው አቁሙና ወደ ሰርጂን ላኩት።

ምክንያቱ ምንድነው ብላችሁ ራሳችሁን አትጨርሱ። እኔን በእርግዝናሽ ምን በላሽ፣ ምን አየሽ፣ ቡዳ ነው፣ ያልተባልኩት የለም። ሐኪሙ የነገረኝ አብዛኛው ልጅ ላይ አንድ ምክንያት ነጥሎ ማግኘት እንደማይቻል ነው። በቤተሰብ የሚሄድ ነገር አለው፣ አባት ወይ ወንድም ላይ ካለ እድሉ ከፍ ይላል፣ ክብደታቸው አንሶ የሚወለዱ ልጆች ላይም ይበዛል፣ ሆርሞንም ያገባበታል። የኔ ልጅ ኪሎው ትንሽ ነበር። እናት ምግብ በመብላቷ ወይ ከባድ በማንሳቷ የመጣ አይደለም።

ቀዶ ጥገናው የሚመከረው ብዙ ጊዜ ልጁ ከ6 ወር እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ነው፣ ሳያስታውሰው ያልቃል፣ ለመንከባከብም ይቀላል፣ ያልወረደ ቆለጥም ካለ በዚሁ እድሜ ነው መውረድ ያለበት ምክንያቱም ከላይ በቆየ ቁጥር ይጎዳል። ወረፋና ገንዘብ ሲያቆያችሁ እድሜው ካለፈም ይሠራል፣ እኛ በተኛንበት ዋርድ ትምህርት የጀመሩ ልጆች ነበሩ፣ አንድ ጎረምሳም አይቻለሁ። ቀላሉ አይነት ብዙ ጊዜ በአንድ ኦፕራሲዮን ያልቃል። አሁን በብዛት የሚሠራበት ዘዴ ስኖድግራስ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በ1994 ያሳወቀው ነው፣ ያልተዘጋውን የሽንት መስመር መሀሉን በቁመቱ ሰንጥቀው ያሰፉትና ጠቅልለው ቱቦ ያደርጉታል። በጣም ቀላል ሆኖ ብልቱም ቀጥ ያለ፣ ሽንቱም ወደ ፊት የሚሄድ ከሆነ ምንም ሳይሠራም ሊቀር ይችላል፣ ሰርጂኑን ጠይቁት።

የኛ በሁለት ጊዜ ነው የተሠራው። በመጀመሪያው ጎባጣውን አቃኑት፣ ከሸለፈቱ ቆዳ ወስደው ከስር በኩል አነጠፉት፣ በዛው ማደንዘዣ ቆለጡንም ከብሽሽት አውርደው ከረጢቱ ውስጥ ሰፉት። ከዛ ቢያንስ 6 ወር ይጠበቃል፣ የተነጠፈው ቆዳ ቦታውን ይዞ እስኪለሰልስ። በሁለተኛው ያንን ቆዳ ጠቅልለው ቱቦ ያደርጉትና ቀዳዳውን ጫፍ ላይ ያወጡታል። ከመጀመሪያው ኦፕራሲዮን በኋላ ሽንቱ ገና ከስር ነው የሚወጣው፣ ይሄን ካላወቃችሁ ያልተሳካ መስሏችሁ ትደነግጣላችሁ፣ አማቴ ደንግጠው ነበር። ብልቱ ትንሽ የሆነ ልጅ ላይ ደሞ ከኦፕራሲዮኑ በፊት የወንድ ሆርሞን መርፌ ወይ ቅባት የሚያዙ አሉ፣ ካዘዙላችሁ አትፍሩ ግን መቼ እንደሚቆም ጠይቁ።

የት እንደታከምን አልጽፍም፣ ሐኪሞች ይቀያየራሉና ትናንት የነበረ ዛሬ ላይኖር ይችላል። ከተማችን ውስጥ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን አሉ፣ ሁለቱም ትልልቅ ሪፈራል ሆስፒታሎች ናቸው፣ የጤና መድህን ካላችሁ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ሳታጽፉ በቀጥታ አትሂዱ፣ ያለ ሪፈር መድህኑ አይሠራላችሁም። ዋናው ነገር ሰርጂኑ ራሱ ነው። የሕፃናት ሰርጂን ወይም ዩሮሎጂስት መሆን አለበት፣ ይሄን አይነት ኦፕራሲዮን አዘውትሮ ይሠራል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ አትፈሩ፣ ጥሩ ሐኪም በዚህ አይቀየምም። የመጀመሪያው ኦፕራሲዮን ነው ትልቁ እድል፣ ከተበላሸ በኋላ ያለው እየከበደ ነው የሚሄደው። እኛን ያየን ሰርጂን ሁለተኛውን ደረጃ አሁን እዚህ የሚያስፈልገው ስስ ክር የለኝም ጠብቁኝ ብሎ አቆይቶናል፣ ያኔ ተበሳጭቼ ነበር፣ ግን የማይሆን ክር ይዞ ከሚገባ ሰው ይሄ ይሻላል።

የኦፕራሲዮኑ ቀን ጾሙን አጥብቁ። ለኛ የተነገረን ምግብና የላም ወተት ለኦፕራሲዮኑ 6 ሰዓት ሲቀረው፣ የእናት ጡት 4 ሰዓት ሲቀረው፣ ውሀ 2 ሰዓት ሲቀረው እንዲቆም ነው፣ የናንተን ማደንዘዣ ባለሙያው በሚላችሁ አድርጉ። ሌሊት ሲያለቅስ አንጀታችሁ እንዳይላወስ ከሌላ ሰው ጋር ተቀያየሩ፣ እኔ ጡት ስለሚሸተው እናቴ ነች ይዛው ያደረችው። ሆዱ ውስጥ ያለ ወተት በማደንዘዣው ጊዜ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ሳል ወይ ትኩሳት ከያዘው ደብቃችሁ አታስገቡት፣ ተናገሩ፣ ቀጠሮው ይዛወራል። ሙሉ ማደንዘዣ ከሰጡት በኋላ ከመቀመጫው በላይ ጭራ አጥንቱ ጋ መርፌ ይወጉታል፣ ያ ከወገቡ በታች ስለሚያደነዝዘው ሲነቃ በጣም አያመውም። የኔ ልጅ ሲወጣ ዓይኑን ገልጦ አየኝና ተመልሶ ተኛ፣ እግሮቹን ግን ለተወሰኑ ሰዓታት በደንብ አላንቀሳቀሰም፣ ሽባ ሆነብኝ ብዬ ስጮህ ሲስተሯ ነች የመርፌው ነው ይለቀዋል ብላ ያረጋጋችኝ። ለቀቀው።

ከዛ በኋላ ያለው ቤት ውስጥ ያለው ሥራ ነው፣ ይሄን ነው ማንም ቁጭ አድርጎ የማይነግራችሁ። ልጁ በአዲሱ የሽንት ቱቦ ውስጥ ካቴተር የሚባል ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ገብቶለት ይመጣል፣ ለአንድ ሳምንት ወይ ለሁለት ሳምንት ይቆያል፣ ሽንቱ በሱ ነው የሚንጠባጠበው። ሁለት ዳይፐር ታደርጉለታላችሁ። የውስጠኛው ፊት ለፊቱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ትቀዱና የካቴተሩን ጫፍ በዛ አሳልፋችሁ ወደ ውጪኛው ዳይፐር ታደርጉታላችሁ። የውስጠኛው ሰገራውን ይይዛል፣ የውጪኛው ሽንቱን፣ ቁስሉ ደረቅ ይሆናል። ውጪኛው አንድ ቁጥር ሰፋ ያለ ይሁን። የካቴተሩ ክር ከቆዳው ጋር ስለተሰፋ ዳይፐር ስትፈቱ መጀመሪያ ካቴተሩን በጣታችሁ ያዙ፣ ከዛ ነው የምትስቡት። ገላውን እስኪፈቀድ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ፣ ፋሻው ሰገራ ከነካው ራሳችሁ አትፍቱት፣ ውሰዱት።

ማዘል የለም። ይሄን ማንም አልነገረኝም እኔ ነኝ የጠየቅኩት፣ በአንቀልባ ስታዝሉት ጭኑ ተከፍቶ ብልቱ ጀርባችሁ ላይ ይጫናል፣ ስፌቱ ይጎዳል። በክንዳችሁ በጎን ነው የምትይዙት። የሚቀመጡበት ብስክሌትና መኪና መጫወቻም ለሳምንታት ይቅር። ድርቀት እንዳይዘው ፓፓያና ፈሳሽ አብዙለት ምክንያቱም ሲያምጥ ሽንቱ በካቴተሩ ዙሪያ ይገፋል። አንዳንዴ በድንገት ተንጠራርቶ ይጮህና በካቴተሩ ጎን ሽንት ይፈሳል፣ ያ የሽንት ፊኛው ካቴተሩን ጠልቶ ሲኮማተር ነው፣ ኦክሲቡቲኒን የሚባል ሽሮፕ አለ ሐኪሙን ጠይቁት። ማስታገሻውን ደሞ እስኪያለቅስ ጠብቃችሁ ሳይሆን በሰዓቱ ስጡት። ፋሻው ላይ የደም ነጠብጣብ ይኖራል፣ እየፈሰሰ የሚያረጥብ ከሆነ ግን፣ ወይ ካቴተሩ ለሰዓታት ምንም ሽንት ካላወጣና ሆዱ ከተነፋ፣ ወይ ካቴተሩ ከወጣ፣ ወይ ትኩሳት ካለው ባጃጅ ጥሩና ሌሊትም ቢሆን ሂዱ። የወጣውን ካቴተር መልሳችሁ ለማስገባት እንዳትሞክሩ። ቁስሉ ላይ ቅቤም ቅጠልም አይቀባ። ጸበሉን በተመለከተ አባ ራሳቸው ይጠጣ፣ መጠመቁ ሲድን ይደርሳል ብለውናል። ጣና ዳር ያላችሁ ደሞ ልጁን ሐይቁ ውስጥ አታጥቡት፣ ቁስሉ ይመርዛል፣ ብልሃርዚያም አለ።

የኛ ጊዜ ሙቀቱ ሚያዝያ ላይ ነበር፣ በባህር ዳር ሚያዝያ ሁለት ዳይፐር ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሽፍታ ወጣበት። የሚቻል ከሆነ በተኛበት ሰዓት ዳይፐሩን ፈትታችሁ ንጹህ ፎጣ ላይ ነፋስ እንዲነካው አድርጉ፣ ሰው ካለ ደሞ በሩን ዝጉ። ይሄን የምለው ሰው ሁሉ ልየው ስለሚል ነው። ለጥየቃ የመጣ ሁሉ ዳይፐሩን ግለጪልኝ ሲል እኔ እንቢ ማለት ጀመርኩ። የልጁ ገላ ነው፣ ነገ አድጎ ሰፈር ውስጥ የሚሄደው እሱ ነው። ማየት ያለበት ሐኪም፣ እኔ፣ አባቱና እናቴ ብቻ ናቸው። ፎቶም ለሐኪም ካልሆነ ለማንም አልክም።

ካቴተሩ ሲወጣ በፊት በኩል ሸና። አባቱ አለቀሰ። ከሳምንታት በኋላ ግን ስፌቱ መሀል ላይ አንዲት የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ ታየች፣ ሲሸና ዋናው በፊት ይወጣል በዛችም ጠብ ጠብ ይላል። ፊስቱላ ነው አሉኝ፣ አማቴ ከተማው ውስጥ ሀምሊን የሚባለው የሴቶች ፊስቱላ ሆስፒታል ስላለ የወላዶቹ በሽታ መስሏቸው ተሸበሩ፣ ይሄኛው ሌላ ነው። ከባዱ አይነት ላይ ይሄ በጣም የሚያጋጥም ነገር ነው፣ ሌሎቹም አሉ፣ የጫፉ ቀዳዳ መጥበብ፣ ቱቦው ውስጥ መጥበብ፣ ጫፉ መከፈት፣ ጎባጣው መመለስ። ቀዳዳዋ ስትታይ ወዲያው ድገሙልኝ አትበሉ፣ ሥጋው እስኪለሰልስ ቢያንስ 6 ወር ነው የሚጠበቀው፣ አንዳንዷም በዛ መሀል ራሷ ትዘጋለች። የኛ አልዘጋችም፣ በትንሽ ኦፕራሲዮን ተዘጋች። ሐኪሙ ከመጀመሪያው "ሁለት ብዬሃለሁ ግን ሦስትም ሊሆን ይችላል" ብሎ ለባለቤቴ ስለነገረው ሲመጣ አልሰበረንም። እናንተም አንድ ጊዜ ገብቶ ይወጣል ብላችሁ ብቻ አታስቡ፣ ገንዘቡንም ልባችሁንም ለበለጠው አዘጋጁ።

ዋርድ ውስጥ ከሐይቁ ማዶ ከገጠር የመጣች አንዲት እናት አጠገቤ ነበረች። የሷ ልጅ የሽንት ፊኛው ከእምብርቱ በታች ሆዱ ላይ ተከፍቶ ቀይ ሥጋ ሆኖ ነው የተወለደው፣ ይሄ ደሞ ከ50,000 ልጆች አንዱ ላይ ገደማ የሚያጋጥም ነው። ጨርቅ ሸፍነውበት ስለመጣች ጨርቁ ተጣብቆ ሲያነሱት ደማ። እንደዚህ ሲወለድ መሸፈን ያለበት በንጹህ ስስ ፕላስቲክ ነው፣ የምግብ መጠቅለያው አይነት፣ ጋዝም ጨርቅም አይደለም፣ ከዛ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውስጥ ትልቅ ሆስፒታል መድረስ አለበት። የገጠር ጤና ኤክስቴንሽን እህቶች ይሄን ብታውቁ ብዬ ነው ከርእሴ ወጥቼ የጻፍኩት።

ልጄ አሁን ቆሞ ይሸናል። ታሪኩን ከሱ አልደብቅም፣ ሲጠይቀኝ "ስትወለድ የሽንትህ መንገድ አልጨረሰም ነበር፣ ዶክተር ጨረሰልህ" እለዋለሁ፣ እሱም ይሄን እንደ ተራ ነገር ነው የሚያወራው። ሰው የሚጠይቀኝ ሁልጊዜ ይወልዳል ወይ ነው። ቀዳዳው ከስር መሆኑ ብቻውን ዘር አያሳጣም፣ ቆለጦቹ ደህና ከሆኑ አብዛኞቹ ይወልዳሉ፣ እንደኛ ቆለጥ ያልወረደለት ደሞ በጊዜ መውረዱና ክትትሉ ነው የሚወስነው።

ክትትሉን ዳነ ብላችሁ እንዳታቆሙ። በወር አንዴ ሲሸና ቆማችሁ እዩት፣ መስመሩ ከቀጠነ፣ ከተበታተነ፣ ካማጠ፣ ረጅም ሰዓት ከወሰደበት ወይ ሽንቱ ካቃጠለው ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ቱቦው እየጠበበ ሊሆን ይችላል። ሽንት ቤት ማስተማር ስትጀምሩ መጀመሪያ ላይ ቁጭ ብሎ ቢሸና ችግር የለውም፣ መዋእለ ሕፃናት ሲገባ ደሞ ለመምህሯ ብቻ በጆሮዋ ንገሯት። ጉርምስና ላይ ብልት ሲያድግ ጎባጣው የሚመለስበት ልጅ ስላለ ሐኪሙ እስከዛ ድረስ በየጊዜው ያየዋል። የኦፕራሲዮኑን ወረቀት፣ ምን እንደተሠራ፣ በምን ቆዳ እንደተሠራ የተጻፈበትን፣ ኮፒ አድርጋችሁ ቤት አስቀምጡ። የሆስፒታል ካርድ ይጠፋል፣ ነገ የሚያየው ሌላ ሰርጂን ሊሆን ይችላል፣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁም እሱን ወረቀት ነው።